ከአልጋው ሥር ሃያ ሁለት ሴንቲ

ይህ የደረሰው በእኔ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም፣ አንብቤም አይደለም።

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። ፈጠራ ቢሆንልኝ እኔም ደስታዬ ነበር።

እዚህ ቻናል ላይ የሌሎችን ታሪክ ሳነብ ነገሩ ሁሌ የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ውሻ ያላዝናል... የእኔ እንደዚያ አይደለም። የእኔ የሆነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ነርሶች እየተሳሳቁ፣ ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ እየተንኳኳ።

ቀኑ ሰኞ ነበር። የሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ።

በቀን የሚመጣ ነገር ይብሳል። መብራት አብርቶ ማባረር አይቻልማ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

የሆስፒታል አልጋ ንድፍ አውጪ ነኝ። አልጋ ደግሞ ምን ንድፍ አለው የሚል ሰው ሞልቷል፤ ታሞ እስኪተኛ ድረስ።

የእኔ አልጋ ከፍ ዝቅ ይላል። ነርሷ በሽተኛውን ስትረዳ ወገቧ እንዳይቀነጠስ ወደ እሷ ከፍ ይላል። ሥራዋን ስትጨርስ ደግሞ ሪሞቱን ትጫናለች፤ አልጋው ይወርዳል... ይወርዳል... ከወለሉ ሰባት ሴንቲ ብቻ እስኪቀረው ድረስ። ከዚያ ላይ የሚወድቅ ሰው ወደቀ አይባልም። ተንከባለለ ነው የሚባለው።

ከአልጋው ሥር የጎማ ጥብጣብ ዘርግቻለሁ። አልጋው ሲወርድ ጥብጣቡን አንዳች ነገር ከነካው ሞተሩ ቀጥ ይላል። ቀይ መብራት ይበራል፤ ትንሿ ስክሪን ላይም አልጋው የቆመበት ከፍታ ይወጣል።

ጥብጣቡ ካልገባ ብዬ ግግም ያልኩት እኔ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ምን ያደርግልሻል? ጫማ ሲነካው እየቆመ ነርሶቹን ያበሳጫል» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ምክንያቱን ሲጠይቁኝም ወሬ እቀይር ነበር።

ለምን እዚህ አልጋ ላይ ሙጭጭ እንዳልኩ ግን የማያውቅ የለም። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከረጅም አልጋ ወድቆ ሞተ። ልጁን እልህ ያዛት። የሌላ ሰው አባት እንዳይወድቅ ብላ መሬት የሚነካ አልጋ ሠራች... ታሪኩ ያምራል አይደል? ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ሥራ አስኪያጃችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይደግመዋል፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አንገቴን እደፋለሁ።

ወርክሾፓችን ውስጥ የመሞከሪያ ሰው አለን። ከሸራ የተሰፋ፣ አሸዋ የተሞላ፣ እጅና እግር ያለው። ጋሼ አሸዋ እንለዋለን። ስሙን ያወጣለት ብየዳ የሚሠራልን ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ ብየዳው እንለዋለን። ጠዋት ሲገባ «ጋሼ አሸዋ፣ እንዴት አደሩ? ወገብዎን ተሻለዎት?» ሳይል ሥራ አይጀምርም።

ጋሼ አሸዋን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልኩን የወሰድኩት ከአባቴ ነው። አባቴ አናጺ ነበር። በደህናው ዘመን አንድ ቀን ሳሎን ወለል ላይ አስተኝቼ በራሱ ሜትር ለካሁት። ከኪሱ የማይለየው፣ ሲስቡት የሚወጣ፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሜትር ነው። «ምነው፣ ሬሳ ሳጥን ልትሠሪልኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ተጋድሞ፣ ከጀርባው እስከ ደረቱ... ሃያ ሁለት ሴንቲ። ቀጭን ሰው ነበር።

ስድስት ወር ሙሉ ጋሼ አሸዋን አልጋው ላይ አስተኝተነዋል፣ አገላብጠነዋል፣ ከላይ ወደ ታች ጥለነዋል። ከአልጋው ሥር ግን አንድም ቀን አስተኝተነው አናውቅም። ጥብጣቡን የሞከርነው በጫማ፣ በባልዲና በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ነው። ዝቅ የሚል አልጋ የሚሠራ ሰው የሚያስበው ስለሚወድቀው ሰው ነው። ቀድሞ ወድቆ ከሥር ስላለው ሰው አያስብም።

እኔ አስቤ ነበር። ዝም አልኩ እንጂ።

እናቴን ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። በዚያው ሰሞን ሦስት አልጋዎቻችን ለሙከራ እዚያ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ሥራ አስኪያጁ በደስታ እጁን አፋተገ። «ልጅ በሠራችው አልጋ ላይ እናትየው! ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?» አለ። እናቴ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ተኛች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሶች ፈረቃ ይቀያየራሉ። በዚያ መሀል በሽተኞቹን የሚያይ ዓይን ስለሚሳሳ አልጋዎቹ በሙሉ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ ወረዱ።

የእናቴ ቆመ።

«ነይ እስቲ እዪልኝ» አለችኝ ሲስተር። «ቀይ መብራት አበራብኝ።»

ስክሪኑን አየሁት። 22።

ጫማ ይሆናል ብዬ ጎንበስ አልኩ። ምንም የለም። ጉልበቴ ላይ ወርጄ ጉንጬን ወለሉ ላይ አስጠግቼ አየሁ። ገመድ የለም፣ የተንጠለጠለ አንሶላ የለም። ከዚያ ማዶ የፀሐዩ ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል። በቃ።

ከፍ አድርጌ መልሼ አወረድኩት። 30... 26... 23... ቀጥ።

22።

«ቀስ በይ» አለች እናቴ።

«ምን አልሽ እማዬ?»

ቀኝ እጇ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጣቶቿ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ።

ማክሰኞ ብየዳውን ይዤ ሄድኩ። ስክሪኑን ስላላመንኩት የአባቴን ሜትርም ያዝኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተር ሪሞቱን ተጫነች፤ አልጋው ወረደና ቆመ። ሜትሩን ሳብኩ፣ ከወለሉ እስከ ጥብጣቡ ለካሁ።

ሃያ አንድ።

ረቡዕ ሃያ።

«ይሄ ነገር ተበላሽቶ ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚቆመው» አለ ብየዳው አገጩን እያከከ። «በቀን አንድ ሴንቲ እየቀነሰ... ከሥር ያለው ነገር እየተጨፈለቀ የሚሄድ ነው የሚመስለው።»

«ዝም በል ባክህ!»

ደንግጦ አየኝ። እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም።

እናቴን አንስተን ወደ ሌላኛው አልጋ አዛወርናት። የእሷን አልጋ ለጎረቤቷ በሽተኛ ሰጠናት። ያው የእናቴ አልጋ ጎረቤቷ ስትተኛበት ሰተት ብሎ እስከ ሰባት ወረደ። እናቴ የተዛወረችበት ግን ሃያ ላይ ቆመ። ችግሩ አልጋው ላይ አልነበረም። እናቴ ባለችበት ነበር።

«አንድ ነገር ልበልሽ?» አለኝ ብየዳው ኮሪደር ላይ። «ጋሼ አሸዋን እናምጣውና ከሥር እናስተኛው። ስንት ላይ እንደሚያቆመው እንይ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩህ!»

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ጋሼ አሸዋ ስንት ላይ እንደሚያቆመው አውቃለኋ። ሃያ ሁለት ላይ ነው።

ሐሙስ አሥራ ዘጠኝ።

ሲስተር ፈረቃ ልትቀይር ስትወጣ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። እጇ እንደ ወትሮው ተንጠልጥሏል። ቀና አድርጌ ብርድ ልብሱ ውስጥ ልከተው ስል ጨብጣኝ ወደ ራሷ ሳበችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«አባትሽ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ከሥር ያለው... አባትሽ ነው። ድምፁ ተመልሶለታል።»

አባቴ ሲሞት ድምፅ አልነበረውም። ለሕክምና ጉሮሮው በቀዶ ጥገና ተከፍቶ ስለነበር መጮኽ ቀርቶ መተንፈሱም በመከራ ነበር።

«እማዬ፣ መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ...»

«አልወደቅኩም ይላል።»

እጄን ከእጇ ላስለቅቅ ሞከርኩ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ስለው... እሷ ራሷ ትንገርሽ አለኝ። እሷ ከነገረችሽ እወጣለሁ ይላል።» ዓይኖቿን ዓይኖቼ ላይ ተከለች። «ምንድነው የምትነግሪኝ፣ ልጄ?»

«ምንም» አልኳት። «ምንም የለም እማዬ። ተኚ።»

እንግዲህ እውነቱን ልጻፈው። እስከዛሬ ለአንድ ነፍስ እንኳ አልተናገርኩትም።

አባቴ በታመመ ጊዜ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ያኔ የተኛው በድሮው አልጋ ላይ ነው፤ በእግር ፔዳል ሲረግጡት የሚወርድ። ልብሱን ልቀይርለት አልጋውን ከፍ እንዳደረግሁት ከሥራ ተደወለልኝ። ስለ አንድ ንድፍ ነው። ኮሪደር ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ ብዬ አርባ ደቂቃ ቆየሁ።

ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራጅ እንደሚያነሱት ተነግሮኝ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ሆኗል። ወስደውታል ብዬ አሰብኩ። ይዘውት ሲመለሱ ለማስተኛት እንዲቀላቸው አልጋውን ዝቅ ላድርገው ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩ።

ወረደ... ከዚያ መሀል ላይ ቆመ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ብትሆን፣ ጠያቂ ቢሆን፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢሆን ያይ ነበር። እኔ ግን አልጋ አዋቂ ነኝ። እነዚያ የድሮ አልጋዎች ባዷቸውን ሲሆኑ መሀል ላይ ነክሰው እንደሚቆሙና ክብደት ሲያገኙ እንደሚለቁ አውቃለሁ። ተምሬበታለሁ።

ስለዚህ ተቀመጥኩበት።

ፔዳሉን እንደረገጥኩ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ትንሽ እንቢ አለ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ለቀቀ። እንዲያውም «ይኸው!» ብያለሁ፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ።

አባቴ ከሥር ነበር። ያ የብረት ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ተንከባሎ ገብቶበት ሊያነሳው ወርዶ ነው። ሳገኘው በእጁ ይዞታል። ድምፅ ስለሌለው አልጮኸም። ወይም ጮኋል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

አልጋውን ከፍ አደረግሁ። ጎትቼ አወጣሁት። አልጋው አጠገብ አስተኛሁትና «ወደቀ! አባዬ ወደቀ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁሉም አመነኝ። እናቴ እዝን ላይ አቅፋኝ «አንቺ ምን ታደርጊ? ቁመቱ ነው የገደለው» አለችኝ። አለቀስኩ፣ ግን አልነገርኳትም። ከዚያ ዝቅ የሚለውን አልጋ ሠራሁ፤ አጨበጨቡልኝ። ዓለም ላይ አንድ እናት አለችኝ፤ እሷንም ካጣኋት ማንም የለኝም ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው ሰበቤ። ሌላ የለኝም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆስፒታሎች ግዢ ኮሚቴ አልጋውን ሊያይ ይመጣል። ሐሙስ ማታ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ።

«ጥብጣቡን አውጪው።»

«አይቻልም። ከሥር ሰው ቢኖርስ?»

«ከአልጋ ሥር ሰው ምን ይሠራል? አንድ ጊዜ ሆኖ ያውቃል? አንድ ምሳሌ ስጪኝና ባለበት ይቆይ።»

ምሳሌውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገረው ጥብጣቡ ባለበት ይቆያል፤ የእናቴም አልጋ፣ የሰውም ሁሉ አልጋ ከሥሩ ያለውን ሰው አይጨፈልቅም። ብናገረው እናቴ ትሰማለች።

«አንድም የለም» አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ፒንሳ ይዤ እናቴ አልጋ ሥር ገባሁ። አልጋው ከፍ እንዳለ ነው፤ እናቴ ከላይ ተኝታለች። በጀርባዬ ተጋድሜ የጥብጣቡን ሽቦ ስፈልግ ወለሉ ቀዝቃዛ መሆን ሲገባው ሞቅ አለኝ። የመስኮቱ ፀሐይ ነው አልኩ። ፀሐይ ግን ጠዋት በዚያ በኩል አይገባም።

የእናቴ እጅ ጎኔ ላይ ተንጠልጥሏል። ጣቶቿ አየሩን ቀስ አድርገው ይደባብሳሉ... የሰው ፀጉር እንደሚዳበስ።

«ልጄ» አለች ከላይ።

«ወዬ እማዬ።»

«ተነሺ እንጂ... አባትሽ ላይ ተኝተሻል እኮ።»

ሽቦውን ቆረጥኩና እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ሞላ። ኮሚቴው፣ ነርሶቹ፣ ካሜራ የያዘ ሰው። ሥራ አስኪያጁ ያንን ታሪክ ጀመረ፤ አባቷ ከረጅም አልጋ ወድቀው... እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። ሲጨርስ ሪሞቱን ሰጠኝ።

ተጫንኩ።

30... 26... 22... አልቆመም። 20... 19...

18።

ሞተሩ አቃሰተ። አልጋው ዘገየና ቆመ። ቀይ መብራት የለም፤ ጥብጣቡ ተቆርጧል። ሪሞቱን ይዤ እየተጫንኩ ነው፤ አልጋው ግን አልወርድ አለ።

ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ቀጥይ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ ከጥርሱ መሀል።

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። «አሁን ንገሪኝ» አለችኝ። «አሁን።»

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ።

ሪሞቱን እንደተጫንኩ... አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀጭ።

ለቀቀ። 15... 11... 7።

ተጨበጨበ። ሰውየው ፎቶ አነሳን፤ ልጅ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ። ፎቶው ያምራል ይላሉ። «ያ ድምፅ ምንድነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። ሥራ አስኪያጁ «አዲስ ስለሆነ መገጣጠሚያው ነው» አለው።

እናቴ እጇን ከጠርዙ ሰበሰበች። ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችውና ዓይኗን ጨፈነች።

ኮሚቴው ሲወጣ አልጋውን ከፍ አደረግሁት። ከሥሩ ምንም አልነበረም። ወለሉ ብቻ።

በማግስቱ እናቴን ወደ ቤት ወሰድኳት። ከመኝታ ቤቴ አጠገብ ያለውን ክፍል አዘጋጀሁላት። አትናገርም። ሐኪሙ ስትሮኩ ነው አለኝ፤ እሺ አልኩት።

እኔ የምተኛው አባቴ በሠራልኝ አልጋ ላይ ነው። እንጨት ነው። ሞተር የለው፣ ሪሞት የለው፣ ከፍ ዝቅ አያውቅ። ከወለል እስከ ሥሩ አርባ አምስት ሴንቲ። የተሠራ ዕለት አብረን ለክተነዋል።

እናቴን ባመጣሁ ማግስት ጠዋት ስነቃ ዓይኔን ብገልጥ የማየው ጣውላ ነው። በጀርባዬ ተጋድሜ ከአልጋው ሥር ነኝ። ላዩ ላይ ነበር የተኛሁት። በእንቅልፌ ወድቄ ነው አልኩ። ተንፏቅቄ ወጣሁና ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሜትሩን አንስቼ ለካሁ።

አርባ አራት።

በሚቀጥለው ጠዋትም ከሥር ነቃሁ። አርባ ሦስት።

ሆቴል ሄጄ አድሬ አይቻለሁ። ወርክሾፕ ውስጥ ወንበር ላይ ተኝቼ አይቻለሁ። የትም እንቅልፍ ይውሰደኝ፣ የምነቃው እዚያው ጣውላ ሥር ነው። ብየዳውን ጠርቼ የአልጋውን እግሮች አስለካሁት። አራቱም እኩል ናቸው፤ አልተቆረጡም፣ ወለሉ ውስጥም አልሰመጡም። «ድሮም እንዲህ ዝቅ ያለ አልጋ ነው» ብሎኝ ሄደ።

እናቴ ከገባች ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ አፏን ትከፍታለች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በግድግዳው በኩል ትጠራኛለች።

«ስንት ደረሰ?»

አርባ፣ እላታለሁ። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ። «እሺ» ትላለች።

ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ስነቃ አፍንጫዬ ጣውላውን ይነካ ነበር። ለመውጣት ደረቴን ወደ ውስጥ መሳብ ነበረብኝ። ለካሁት፤ ሃያ ሦስት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተጋደምኩና ራሴን ለካሁ። አጥንቴ የአባቴ ነው፤ ከጀርባዬ እስከ ደረቴ ሃያ ሁለት ሴንቲ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ አይደለም። በሩን ከፍቼ፣ እናቴ አጠገብ ተንበርክኬ፣ ለእናንተ የጻፍኩትን ብነግራት ያበቃል። አሥር እርምጃ ነው። የማላውቃችሁ ለእናንተ ሁሉንም ነገርኳችሁ፤ ለእሷ ግን አፌ አልከፈት አለ።

አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ጠራችኝ።

«ስንት ደረሰ?»

ተነሳሁ። በሯ ድረስ ሄድኩ። እጄን እጀታው ላይ አደረግሁ። አባዬን እኔ ነኝ... እስከዚህ ድረስ ምላሴ ላይ መጣ።

«ሃያ አራት ነው እማዬ» አልኳት።

ይህንንም ዋሸኋት።

ከበሩ ወዲያ በሹክሹክታ...

«ሃያ ሦስት ነው እያለኝ እኮ ነው» አለች።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። የአባቴን ሜትር ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከስልኬ አጠገብ ነበር የተውኩት። አሁን እዚያ የለም።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከአልጋው ሥር፣ ጠዋት ጠዋት ደረቴ በሚውልበት ቦታ፣ ሜትሩ ተስቦ ወጥቶ ወለሉ ላይ ቆሟል። ቁልፉ ተይዟል።

ሃያ ሁለት ላይ።